እፍኙ ስለ ጆንያው ምን ይናገራል? ናሙናና አካላይ በስታቲስቲክስ

እህል ነጋዴ አንድ ጆንያ ጤፍ ከመግዛቱ በፊት ጆንያውን ዘርግፎ እያንዳንዷን ፍሬ አይመረምርም። ጫፉ የሾለና ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት በጆንያው ጎን ሰዶ ጥቂት እህል ያወጣል፤ በመዳፉም ላይ ዘርግቶ ቀለሙን፣ ንጽሕናውንና ድርቀቱን ያያል። ጠንቃቃ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ብቻ አይወስድም። ከመካከሉም ከሥሩም ይወጋል፤ ንጹሑ ከላይ፣ ግርዱ ከታች ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። ይህ ሰው ስታቲስቲክስ የሚባለውን ትምህርት ባይማርም ከትምህርቱ መሠረተ ሐሳቦች አንዱን በሥራ ላይ እያዋለ ነው፦ ጥቂቱን አይቶ ስለ ብዙው መፍረድ።

ይህ ሐሳብ በመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት በጥቂት ገጾች የሚታለፍ ነው። ሆኖም በዜና የምንሰማው የዋጋ ንረት፣ የሰብል ምርት ግምትና የበሽታ ሥርጭት መጠን ሁሉ በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ናሙናና አካላይ ምን እንደሆኑ፣ ናሙና ስለ አካላዩ የሚሰጠው ምስክርነት መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚያሳስት እንመለከታለን።

ናሙናና አካላይ ምንድን ናቸው?

አንድ ጥናት ሊያውቀው የሚፈልገው ጠቅላላ ስብስብ አካላይ ይባላል። ከአካላዩ ተመርጦ በእርግጥ የሚመረመረው ክፍል ደግሞ ናሙና ነው። አካላይን የሚያመለክተው «ፖፑሌሽን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል «ሕዝብ» ማለትም ስለሆነ፣ ጉዳዩ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ በቀን የሚያመርታቸው አምፖሎች፣ በጣና ሐይቅ የሚኖሩ ዓሦች፣ በአንድ መጋዘን የተከማቹ ጆንያዎችም አካላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

አካላዩን በትክክል መሰየም የጥናት የመጀመሪያው ሥራ ነው። «የተማሪዎችን ቁመት እናጠናለን» ማለት በቂ አይደለም። የትኞቹ ተማሪዎች? የት? መቼ? «በዚህ ዓመት በከተማችን ትምህርት ቤቶች በ8ኛ ክፍል የተመዘገቡ ተማሪዎች» ቢባል ግን ማን በአካላዩ ውስጥ እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ይለያል።

አካላዩን አንድ ሳያስቀሩ መመርመር ቆጠራ ይባላል። በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ በሦስተኛው የተመዘገበው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ሠራተኛና ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። አንዳንድ ጊዜም ቆጠራ ከነጭራሹ የማይቻል ነው። የአምፖልን ዕድሜ ለመለካት እስኪቃጠል ድረስ ማብራት ግድ ነው፤ ሁሉንም የለካ ፋብሪካ የሚሸጠው አምፖል አይኖረውም። ስለዚህ ወደ ናሙና እንሄዳለን።

በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል። የአካላዩ አኃዝ፣ ለምሳሌ አማካዩ፣ አንድና ቋሚ ነው፤ እኛ ግን አናውቀውም። የናሙናውን አኃዝ ደግሞ አስልተን እናውቀዋለን፤ እርሱ ግን ናሙናው በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። የስታቲስቲክስ ጥበብ በምናውቀውና በሚለዋወጠው አኃዝ አማካይነት የማናውቀውንና ቋሚውን መገመት ነው።

በአምስት ተማሪዎች የሚሠራ ስሌት

ነገሩን በእጃችን ለመዳሰስ አምስት ተማሪዎች ብቻ ያሉበት አካላይ እንውሰድ። የእኅትና የወንድሞቻቸው ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 5 እና 9 ነው እንበል። ድምሩ 20 ስለሆነ የአካላዩ አማካይ 4 ነው።

አሁን ይህን አማካይ የማያውቅ ሰው ሁለት ተማሪዎችን በዕጣ መርጦ ይጠይቅ። ሊደርሱት የሚችሉት ናሙናዎች አሥር ሲሆኑ አማካዮቻቸው የሚከተሉት ናቸው፦ 1.5፣ 2፣ 3፣ 5፣ 2.5፣ 3.5፣ 5.5፣ 4፣ 6 እና 7። ከአሥሩ ውስጥ ትክክለኛውን 4 የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ 3 እና 5 ያሏቸው ተማሪዎች በአንድነት ሲወጡ። ነገር ግን አሥሩን አማካዮች ደምረን ለ10 ብናካፍል 40 ለ10፣ ማለትም 4 እናገኛለን። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዕጣ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም።

ይኸው ሰው አራት ተማሪዎችን ቢመርጥስ? ሊደርሱት የሚችሉት ናሙናዎች አምስት ናቸው፤ አማካዮቻቸውም 4.75፣ 4.5፣ 4.25፣ 3.75 እና 2.75 ይሆናሉ። የእነዚህም አማካይ 4 ነው። ሆኖም ቀድሞ ከ1.5 እስከ 7 ተዘርግቶ የነበረው ግምት አሁን ከ2.75 እስከ 4.75 ባለው ውስጥ ተሰብስቧል። ናሙናው ሲበዛ ግምቱ በእውነተኛው አኃዝ ዙሪያ ይሰበሰባል ማለት ነው።

ስንት ሰው ይበቃል?

ከላይ የተመለከትነው መሰብሰብ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሆን የሚገልጽ ለቃል የሚመች ሕግ አለ። በተራ ዕጣ የተመረጠ ናሙና መቶኛን ለመገመት ሲያገለግል፣ የስህተቱ ወሰን በግርድፉ 1 ለናሙናው ብዛት ዳግም ዘር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከ100 ጊዜ በ95 ያህሉ ግምቱ ከእውነተኛው አኃዝ ከዚህ በላይ አይርቅም። 100 ሰዎች ቢጠየቁ ወሰኑ 1 ለ10፣ ማለትም 10 መቶኛ ነጥብ ነው። 400 ቢሆኑ 5፣ 1600 ቢሆኑ 2.5 ይሆናል። ወሰኑን በግማሽ ለማሳነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ልብ በሉ።

በዚህ ሕግ ውስጥ የአካላዩ ብዛት አለመጠቀሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ናሙናው ከአካላዩ አንጻር ጥቂት እስከሆነ ድረስ፣ 1600 ሰው ለአንድ ሚሊዮን ነዋሪም ለመቶ ሚሊዮን ነዋሪም ከሞላ ጎደል እኩል ትክክለኛ ግምት ይሰጣል። ምሥጢሩን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ወጡ በትንሽ ድስት ቢሆን ወይም ለድግስ በተጣደ ጎላ ቢሆን፣ ጨው ለመቅመስ የሚያስፈልገው ያው አንድ ማንኪያ ነው፤ በሚገባ እስከተማሰለ ድረስ።

ብዛት ብቻውን አያድንም

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ «በተራ ዕጣ» በሚለው ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተራ ዕጣ ማለት እያንዳንዱ የአካላዩ አባል የመመረጥ እኩል ዕድል የሚያገኝበት አመራረጥ ነው። ይህ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ከሚያሳዩ ታሪኮች መካከል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የሆነው የታወቀ ነው።

በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልትና አልፍ ላንደን ነበሩ። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ከዚያ በፊት የነበሩትን ምርጫዎች ውጤት በትክክል በመተንበይ ዝና ያተረፈ ነበር። ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ፤ 2.3 ሚሊዮን ያህል መልስም ደረሰው። ከዚህም ተነሥቶ ላንደን በ57 በመቶ ድምፅ እንደሚያሸንፉ አስታወቀ። በምርጫው ቀን ግን ሩዝቬልት ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ከ48 ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። ጆርጅ ጋለፕ 50,000 ያህል ሰዎችን ብቻ ጠይቆ የሩዝቬልትን አሸናፊነት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ቀደም ሲል ባየነው ሕግ መሠረት የ2.3 ሚሊዮን ናሙና የስህተት ወሰን ከአንድ መቶኛ ነጥብ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። የመጽሔቱ ስህተት ግን ከ17 መቶኛ ነጥብ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተገኙት ከስልክ ማውጫዎችና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበራቸው በአንጻሩ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ። ሁለተኛ፣ ካርድ ከደረሳቸው ሰዎች ከአራቱ መልስ የሰጠው አንድ ያህሉ ብቻ ነው፤ መልስ ለመስጠት የተነሣሡትም ሩዝቬልትን የሚቃወሙት ይበዙ ነበር። መጽሔቱ በ1938 ሕትመቱን አቆመ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተቶችን መለየት ያሻል። አንዱ ከዕጣ የሚመጣ ነው፤ ናሙናው ሲበዛ ይቀንሳል። ሌላው ከአመራረጥ የሚመጣ ዝንባሌ ነው፤ ናሙናው ቢበዛም አይቀንስም። ያልተማሰለ ወጥ ከላይ ከላዩ በማንኪያ ቢቀመስ ወይም በጭልፋ ቢቀመስ፣ ከሥሩ ስለ ዘቀጠው ጨው የሚነግረን ነገር የለም።

ዕጣው ራሱ ሲጓደል

«በዕጣ መርጠናል» ማለትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 በአሜሪካ ለቬትናም ጦርነት የሚመለመሉ ወጣቶችን ቅደም ተከተል ለመወሰን በልደት ቀን ዕጣ ወጣ። 366 ቀኖች በ366 እንክብሎች ውስጥ ተደርገው ከአንድ ዕቃ መውጣት ጀመሩ፤ ቀድሞ የወጣ ቀን ቀድሞ ያዘምታል። እንክብሎቹ የተጨመሩት ከጥር ጀምሮ በየወሩ ተራ ሲሆን በሚገባ አልተደባለቁም ነበር። ዕጣው ትክክል ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱ ወር አማካይ ቁጥር በ183.5 ዙሪያ መሆን ነበረበት። የጥር ወር አማካይ ግን 201 ያህል፣ የታኅሣሥ ደግሞ 122 ያህል ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱ ወጣቶች ዕጣው ገና ሳይወጣ ለዘመቻ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት የዕጣው አወጣጥ ተሻሽሏል። በክፍል ውስጥ የተማሪዎችን ስም በወረቀት ጽፎ ዕጣ የሚያወጣ መምህርም ወረቀቶቹ እኩል መጠን እንዲኖራቸው፣ በአንድ ዓይነት እንዲታጠፉና ደጋግመው እንዲደባለቁ ማድረግ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን ምሳሌ፦ የኤች አይ ቪ ሥርጭት አኃዝ

የናሙና አመራረጥ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ለሆነ አኃዝ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ሥርጭት ለብዙ ዓመታት ይገመት የነበረው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ተመረጡ ጤና ተቋማት ከሚመጡ ነፍሰ ጡር ሴቶች ነው። ለሌላ ምርመራ ከተወሰደው ደማቸው የተረፈው፣ ስማቸው ሳይገለጥ፣ ለቫይረሱ ይመረመር ነበር። በዚህ መንገድ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) የተገኘው የአገሪቱ አዋቂዎች ግምት 3.5 በመቶ ነበር።

በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሌላ አኃዝ ይዞ መጣ። በያኔው ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መረጠ፤ ከየቦታው ቤተሰቦችን፣ ከቤተሰቦቹም ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶችንና ወንዶችን አስመረመረ። ውጤቱ 1.4 በመቶ ሆነ፤ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7 በመቶ።

ከ3.5 ወደ 1.4! አንዱ «በሽታው በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ቀነሰ» ሊል ይችላል፤ ሌላው «የቀድሞው አኃዝ ውሸት ነበር» ሊል ይችላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። በጤና ተቋማቱ የተወሰደው ደም በትክክል ተመርምሯል፤ የተመረመሩት ሴቶች ግን የአገሪቱ አዋቂዎች ሁሉ ወኪል አልነበሩም። ወንዶች በናሙናው ውስጥ የሉም። ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶችም የሉም። በ1997ቱ ጥናት እንደታየው ከጤና ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙ እናቶች 28 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከመንገድና ከከተማ የራቁት፣ ቫይረሱም ብዙ ያልደረሰባቸው፣ ከናሙናው በአብዛኛው ቀርተዋል። ነጋዴው ከጆንያው አንድ ወገን ብቻ የወጋ ያህል ነበር።

በቤተሰብ ላይ የተመሠረተው ጥናትም እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለመመርመር ፈቃደኛ ያልሆኑ፣ በጥናቱ ጊዜ በቤታቸው ያልተገኙና እንደ ወታደር ካምፕ ባሉ ከመኖሪያ ቤት ውጪ በሆኑ ቦታዎች የሚኖሩ ሰዎች አምልጠውታል። በመሆኑም በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007) ሁለቱን ምንጮች በማገናዘብ ለዓመቱ አንድ የጋራ ግምት፣ 2.1 በመቶ፣ ወጣ። የነፍሰ ጡር ሴቶቹ ናሙናም ዋጋውን አላጣም። በየጊዜው ከተመሳሳይ ተቋማት ስለሚወሰድ ሥርጭቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ለመከታተል ያገለግላል። አንድ ናሙና ለአንድ ጥያቄ የማይመች ሆኖ ለሌላ ጥያቄ የሚመች ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የወረቀት ላይ ልዩነት አልነበረም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ስንት ሰው መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ከተማው ስንት፣ ገጠሩ ስንት እንደሚደርሰው የሚታቀደው ከዚህ አኃዝ ተነሥቶ ነው።

ሚዛን መስጠት

ከዚሁ ጥናት ሌላም ትምህርት እናገኛለን። የተመረጡት የቆጠራ ቦታዎች 540 ሲሆኑ 145ቱ ከከተማ፣ 395ቱ ከገጠር ነበሩ። ከተማው 27 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ ማለት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ግን በከተማ የሚኖረው ሕዝብ 16 በመቶ ያህል ነበር። ከተማው ከድርሻው በላይ የተወሰደው ሆን ተብሎ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረር ላሉ አካባቢዎች ለብቻቸው አስተማማኝ ግምት ለማግኘት በቂ ሰው ያስፈልጋልና።

ይህ ሳይታረም ቢደመርስ? ከየቦታው እኩል ሰው ተመረመረ ብንል፣ 0.27 ሲባዛ በ5.5 እና 0.73 ሲባዛ በ0.7 ተደምረው 2.0 በመቶ ያህል ይሰጣሉ። ለከተማው 0.16፣ ለገጠሩ 0.84 ሚዛን ብንሰጥ ግን 1.5 በመቶ ያህል እናገኛለን፤ ይህም ከታተመው 1.4 ጋር በጣም ይቀራረባል። እንግዲህ ዕድሉ እኩል ባይሆንም እንኳ፣ የእያንዳንዱ ወገን ዕድል ምን ያህል እንደነበር ከታወቀ ዝንባሌውን ማረም ይቻላል። ማረም የማይቻለው ዕድሉ የማይታወቅ ወይም ጨርሶ ዜሮ የሆነበት ጊዜ ነው።

በክፍላችሁ የሚሠራ መልመጃ

መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ «በቤተሰባችሁ ስንት ልጆች አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ መልሶቹን ደምሮ ለተማሪዎቹ ቁጥር አካፈለ እንበል። የተገኘው አማካይ በአካባቢው ያለ ቤተሰብ በአማካይ ያለውን የልጆች ቁጥር ይነግረናልን?

በአነስተኛ ምሳሌ እንፈትነው። በመንደሩ አራት ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸውም 1፣ 1፣ 2 እና 6 ናቸው። አሥሩም ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። በቤተሰብ አማካዩ 10 ለ4፣ ማለትም 2.5 ነው። ልጆቹ ሲጠየቁ ግን ሁለቱ «1»፣ ሁለቱ «2»፣ ስድስቱ ደግሞ «6» ይላሉ። ድምሩ 42፣ አማካዩም 4.2 ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ አንድም ተማሪ አልቀረም። ነገር ግን ስድስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ስድስት ጊዜ ተናገረ፤ ልጅ የሌለው ቤተሰብ ቢኖር ደግሞ አንድ ጊዜም ባልተናገረ ነበር። የተጠየቀው አካላይ ተማሪዎቹ ሲሆኑ መልስ የተፈለገለት አካላይ ቤተሰቦቹ ነበሩ። መምህሩ ስሌቱን እንዴት ቢያስተካክል ወደ 2.5 ሊመለስ እንደሚችል ለአንባቢያን እንተወዋለን፤ ከላይ ስለ ሚዛን የተባለው በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

እንግዲህ ከናሙና የተገኘ አኃዝ ሲያጋጥማችሁ በቅድሚያ «ስንት ሰው ተጠየቀ?» ከማለት ይልቅ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አስቀድሙ። አኃዙ የሚናገረው ስለ የትኛው አካላይ ነው? ከዚያ አካላይ ወደ ናሙናው የመግባት ዕድል የነበረው ማን ነው፣ ያልነበረውስ? ከተመረጡት ውስጥ መልስ ያልሰጡት ስንት ናቸው? አንዱ ወገን ከድርሻው በላይ ተወስዶ ከሆነ ሚዛኑ ተስተካክሏልን? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ከተገኘ በኋላ የናሙናው ብዛት ቢጠየቅ፣ የስህተቱን ወሰን በዳግም ዘር አስልቶ መናገር የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው።